ግሸን ሲወጡና ሲወርዱ እግርን የሚይዘው ምንድን ነው?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ወደ ግሸን ይጓዛል። ግሸን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል የሚገኝ አምባ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ዙሪያው ገደል ነው። በድሮ ዘመን ነገሥታት ዙፋናችንን ይቀሙናል ብለው የሚሰጓቸውን ዘመዶቻቸውን በዚህ አምባ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ይህም እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ቆይቷል። አጥር መሥራት አላስፈለገም። ገደሉ ራሱ አጥር ነበር።

መንገዱ ዳገት ነው። ወቅቱም ክረምቱ ገና የወጣበት ነው። መሬቱ ርጥበት አለው። ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የተጫነ አህያ፣ ሁሉም በዚያው ያልፋል። አንዱ ሲወጣ ያዳልጠዋል። ሌላው ሲወርድ ይንሸራተታል። ለምን? ደግሞስ ሌላው ሳይወድቅ የሚሄደው ምን ይዞት ነው? ዛሬ ይህንን አብረን እናያለን።

ፍትጊያ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች ተነካክተው አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተት ሲል የሚይዘው ኃይል አለ። ይህ ኃይል ፍትጊያ ይባላል። ሰበቃም ይሉታል።

እስቲ ሁለቱን መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ አፋትጉ። ሞቀ አይደለም? ሙቀቱ የመጣው ከፍትጊያ ነው። አሁን ደግሞ እጃችሁን በውሃና በሳሙና አርሳችሁ አፋትጉ። ሙልጭ ሙልጭ ይላል። ሳሙናው መካከል ገብቶ መዳፎቹ እንዳይያያዙ አደረጋቸው። ዳገት ላይም ጭቃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በእግርና በድንጋይ መካከል ይገባና ፍትጊያውን ይቀንሰዋል።

ፍትጊያን እናቶቻችን ጥሩ አድርገው ያውቁታል። ወፍጮው ሲለሰልስ መጁ በእህሉ ላይ ይንሸራተታል፤ እህሉ አይደቅም። ስለዚህ ወፍጮውን ይወቅሩታል። ሲሻክር እህሉን ይይዛል፤ ይፈጫል። ጫማም እንደዚሁ ነው። ሶሉ ያለቀ ጫማ እንዳልተወቀረ ወፍጮ ነው።

ዳገት ለምን ያንሸራትታል?

መሬት ሁሉን ነገር ወደ ራሷ ትስባለች። ይህ የመሬት ስበት ይባላል። ሜዳ ላይ ስንቆም ክብደታችን እግራችንን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ተዳፋት ላይ ስንቆም ግን ያው ክብደት ሁለት ሥራ ይሠራል። በከፊል እግራችንን ከመሬቱ ጋር ያጣብቃል። በከፊል ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ይጎትተናል።

ተዳፋቱ በበረታ ቁጥር የሚጎትተን ይጨምራል። የሚያጣብቀን ይቀንሳል። የሚያጣብቀን ሲቀንስ ደግሞ ፍትጊያው ይቀንሳል። እንግዲህ ተዳፋት በሁለት በኩል ይጎዳናል ማለት ነው። የሚጎትተን በዛ፤ የሚይዘን አነሰ።

አባቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። የተራራ መንገድ ሲያወጡ ቀጥ አያደርጉትም፤ እያጠማዘዙ ያወጡታል። መንገዱ ይረዝማል፤ ዳገቱ ግን ይለዝባል። አቋራጭ ነው ብሎ በቀጥታ የሚወርድ ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል። ግን ራሱን ለሚጎትተው ኃይል አሳልፎ ሰጥቷል።

ከገደል የወረደ ድንጋይ

እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1687 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ካስረዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የቆመ ነገር የሚገፋው ኃይል ካላገኘ አይነሳም። የተነሳ ነገርም የሚያቆመው ኃይል ካላገኘ አይቆምም። ሜዳ ላይ የምትንከባለል ድንጋይ የምትቆመው ደክሟት አይደለም። ፍትጊያ ይዟት ነው።

ከገደል አፋፍ የወረደ ድንጋይ ግን የሚይዘው መሬት የለም። በ1 ሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። በ2 ሰከንድ 20 ሜትር፣ በ3 ሰከንድ 45 ሜትር ይደርሳል። ሰከንድ ማለት ልብ አንድ ጊዜ የምትመታበትን ያህል ጊዜ ነው። ታች ያለው ሰው ቀና ብሎ ሳያይ ድንጋዩ ይደርስበታል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስንሄድ ድንጋይ እንዳንንድ እንጠንቀቅ። ከታች ሰው አለ።

መኪናስ?

ብዙ መንገደኛ በመኪና ይጓዛል። መኪናንም የሚያቆመው ፍትጊያ ነው። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት አጥብቆ ይይዛል። ጎማው ደግሞ መሬቱን ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ከከዳ መኪናው አይቆምም።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቀቅ ከተረገጠ ሸራው እንደ መዳፋችን ይሞቃል። በጣም ሲግል መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ጥሩ ሹፌር ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሳል። ያኔ ሞተሩ መኪናውን ይይዝለታል።

ይህንንም እንወቅ። ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን የተያዘ መኪና ለመቆም የሚፈልገው መንገድ 4 እጥፍ ይሆናል። በ20 ሜትር ይቆም የነበረው 80 ሜትር ይፈልጋል። እንግዲያው ሹፌሩን «ቶሎ በል፤ ንዳው» አንበለው።

ምን እናድርግ?

ምርኩዝ እንያዝ። ምርኩዝ ሦስተኛ እግር ነው።

ስንወርድ እርምጃችንን እናሳጥር። በሙሉ እግራችን እንርገጥ። ጉልበታችንን ትንሽ እጥፍ እናድርግ።

ጫማችን ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እየቆምን እንጥረግ። ጥርሱ በጭቃ የተሞላ ጫማ መሬት አይይዝም።

ቁልቁለት ላይ መኪና ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ታኮ ቢኖርም ከመኪናው በታች በኩል አንቀመጥ።

ከሁሉም በላይ አንሩጥ። የሮጠን ሰው ለማቆም ብዙ ፍትጊያ ያስፈልጋል፤ ርጥብ ዳገት ላይ ደግሞ ያ ፍትጊያ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. ወፍጮ የሚወቀረው ለምንድን ነው?
2. የተራራ መንገድ የሚጠማዘዘው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ የሚያዳልጥ መንገድ የትኛው ነው? ፍትጊያውን ለመጨመር ምን ብታደርጉበት ይሻላል? ተወያዩበት።