በአልጋ ሥር የተቀመጠው የሞተር መጋዝ ስንት ያወጣል?

አሮጌ የሞተር መጋዝ ለሽያጭ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ ቆራሌው ነው፤ ሚዛኑን ይዞ በኪሎ ይጠይቃል። ሌላው የተላጠውን ቀለም አይቶ «ይኼ እኮ የጥንት ነው» ይልና ዋጋውን በግማሽ ያወርደዋል። ሁለቱም የመጋዙን ሆድ አላዩም። ሻጯ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም ልጇ የተሰደደባት እናት ናት፤ እሷም ሆዱን ስለማታውቀው የተጠራላትን ትቀበላለች።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ዕድሜዬን በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። መጋዝን ያወቅሁት በሁለት በኩል ነው። ታላቅ ወንድሜ በእንጨት ሥራ የኖረ ሰው ስለነበር ቤታችን ቤንዚንና ሞረድ ጠፍቶበት አያውቅም። በሥራ ቦታዬ ደግሞ መጋዝ የነካውን እጅና እግር ሳጥብና ሳሽግ ኖሬያለሁ።

ዓይናለም ለመቐለ ሰው ለረጅም ጊዜ የመጠጥ ውኃው የሚመጣበት የጉድጓዶች ሥፍራ ነበር። አሁን ከተማው ደርሶበት ቤት በቤት ሆኗል። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ቢሆንም መወጣጫው፣ የኮንክሪት ቅርጹና ድጋፉ ባሕር ዛፍ ነው፤ በእኛ አፍ «ቀላሚጦስ» እንለዋለን። ስለዚህ የሞተር መጋዝ ያለው ቤት እንጀራ ያለው ቤት ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን መብራትና ባንክ ተቋረጠ፣ ቤንዚንም ጠፋ። ሰው ማገዶውን በመጥረቢያ ሲፈልጥ መጋዞቹ ጋናቸው ውስጥ ቤንዚን እንደያዙ አልጋ ሥር ገቡ።

ይህን ማወቅ ለሻጭም ለገዢም ይጠቅማል። የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ካርቡራቶሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። የሞተር መጋዝ ተዘቅዝቆም ተጋድሞም የሚሠራው ካርቡራቶሩ እንደ መኪና ተንሳፋፊ ስለሌለው ነው፤ በምትኩ ዲያፍራም የሚባል ቀጭን የጎማ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን ሲደርቅ ሞተሩ ነዳጅ መሳብ ያቅተዋል። ገመዱን መቶ ጊዜ ብትስቡት አይነሳም፤ «ሞተሩ ሞቷል» ይባላል። ካርቡራቶሩ ታጥቦ፣ ሽፋኑ፣ የነዳጅ ቱቦውና ጋን ውስጥ ያለችው ማጣሪያ ሲቀየሩ የሚነሳው መጋዝ ብዙ ነው። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ከአንድ ፒስቶን ዋጋ ያንሳል። ስለዚህ «አይነሳም» በሚል ቃል ብቻ በኪሎ አትሽጡ።

የመጋዝ ዋጋ ያለው ሲሊንደሩና ፒስቶኑ ላይ ነው። ለማየት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ማንም ሰው በእጁ ሊያደርገው ይችላል። ማብሪያውን አጥፉ። ከዚያ መጋዙን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በማስነሻ ገመዱ እጀታ አንጠልጥሉት። ጤነኛ ሞተር ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሳይያዝ ዝም ብሎ ወደ መሬት የሚሄድ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ አልቋል። ትልልቆቹ መጋዞች ላይ ለማስነሳት የሚጫን ትንሽ ቁልፍ አለ፤ እሱ ተጭኖ ከሆነ ፈተናው ያታልላል። መለኪያ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ፣ ለባለሙያ የተሠራ መጋዝ 150 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ቢያሳይ ደስ ይበላችሁ፤ ከ100 በታች ከሆነ ግን ፋሻ ወይም ፒስቶን ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ማርሚታውን መፍታት ነው። ጥቂት ብሎኖች ናቸው። በቀዳዳው ባትሪ አብርታችሁ ፒስቶኑን እዩት። ልስልስ ብሎ የሚያበራ ከሆነ ያ መጋዝ ገና ብዙ ግንድ ይጥላል። ከላይ ወደ ታች የተጫረ፣ ድመት የቧጠጠው የሚመስል ከሆነ ዘይት ያልተቀላቀለበት ወይም ያነሰበት ቤንዚን ጠጥቷል። ገዢ ነኝ የሚል ሰው ማርሚታውን እንዳይፈታ የሚከለክል ሻጭ አይታመንም። ማርሚታውን ሳያስፈታ የሚገዛም ገንዘቡ የበዛበት ነው።

ወንድሜ ደጋግሞ የሚናገረው፣ ብዙ መካኒክ የሚረሳው አንድ ነገር አለ። መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ በልኩ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን የሚሰጠው ለዚህ አየር ነው። ያንኑ መጋዝ ወደ ሑመራ ወይም ወደ አፋር ቆላ ይዛችሁ ብትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን በነበረበት ይቀራል። ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ፒስቶኑ ይነክሳል። ባለመጋዙ «ዕድሜው ደርሶ ነው» ይላል። ዕድሜው አልደረሰም፤ ቆላ ሲወርድ ቪቱ መጠምዘዝ ነበረበት። ቅይጡንም ከወንድሜ ነው የተማርሁት። ኩባንያዎቹ ለራሳቸው ዘይት 1 ለ50 ይላሉ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለአሮጌ መጋዝና ለሌላ የሁለት ምት ዘይት ግን 1 ለ25፣ ማለትም ለሊትር 40 ሚሊ ሊትር ነው የሚደረገው። የመኪና ሞተር ዘይት ጭራሽ አይሆንም። እኛ ቤት የሚለካው በመርፌ ስሪንጅ ነበር፤ ስሪንጁን ማን እንዳመጣው መገመት አያቅታችሁም።

ስለ ዕድሜው ደግሞ እንነጋገር። የሰንሰለት መጋዝ ዘሩ ከጫካ ሳይሆን ከማዋለጃ ክፍል ነው ስል ወንድሜ ይስቅብኝ ነበር። እውነት ነው ግን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች ጥርስ ያለው ቀጭን ሰንሰለት በሁለት እጀታ አበጁ። ምጥ የጠናባት እናት የዳሌዋ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ለስላሳ አጥንት ለመቁረጥ፣ እንዲሁም የታመመ አጥንት ለማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ጀርመናዊው በርናርድ ሃይነ ሰንሰለቱ በእጅ እየተዘወረ የሚዞር የአጥንት መቁረጫ ሠራ። ያን ጊዜ የነበረችውን ወላድ ሳስብ ሁልጊዜ ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል።

እንጨት ላይ የመጣው ዘግይቶ ነው። አንድሬያስ ስቲል ድርጅቱን ጀርመን ሽቱትጋርት ውስጥ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ የመጀመሪያው መጋዙ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ሁለት ሰው የሚይዘው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ እንጨት የሚበላ ትል ግራና ቀኝ እየጎረሰ ሲሄድ አይቶ ዛሬ የምናውቀውን የሰንሰለት ጥርስ አወጣ። በ1959 ስቲል 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን «ኮንትራ» አወጣ። በ1689 በጠመንጃ ፋብሪካነት የተጀመረው የስዊድኑ ሁስክቫርናም የመጀመሪያውን መጋዝ የሠራው በዚያው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ መጋዙ እጅ ያንቀጠቅጥ ነበር፤ የሚያንቀጠቅጠውን የሚቀንስ እጀታ የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ፣ የሰንሰለት ፍሬን የመጣው ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እነዚህን ዓመታት የጻፍሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ አሮጌ መጋዝ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የቆየው፣ ቀለሙ ያልተነካው፣ ዕቃው ያልተቀየረው ውድ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «እንዳትሸጡት፣ ጥንታዊ ነው» ቢላችሁ ከዚያ ያየውን ነው የሚነግራችሁ። እዚህ ለዕድሜ የሚከፍል ሰው የለም። የሚከፈለው ለሥራና ለመለዋወጫ ነው። ስለዚህ በየሐሩሩ አገር ታዋቂ የሆነው ባለ 106 ሲሲ ስቲል 070 አርጅቶም ይፈለጋል፤ ዕቃው፣ አስመስሎ የተሠራውም ጭምር፣ ስለሚገኝ ነው። በአንጻሩ ዕቃው የማይገኝ መጋዝ የቱንም ያህል ቢያምር ጌጥ ነው። አስመስለው የሚሠሩት ዕቃዎች ሁሉ መጥፎ ናቸው አልልም። ሆኖም ትንሽ ያለቀ ዋና ሲሊንደር በአዲስ ፋሻ ከአዲስ አስመሳይ ሲሊንደር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ወንድሜም እንደዚያ ነበር የሚሠራው።

አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት የሟች ባሏን መጋዝ ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ ቆራሌው በኪሎ ይህን ያህል አለኝ፤ ልስጠው?» አለች። ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ወዳለ መካኒክ ሄድን። ማርሚታው ተፈታ፤ ፒስቶኑ ልስልስ ያለ ነው። ዲያፍራሙና ቱቦው ተቀየሩ፣ ካንዴላው ተጠረገ፤ የድሮ ሥሪት ስለሆነ ፕላቲኑም በሸካራ ወረቀት ታሸ። በአራተኛው ስቦሽ ተነሳ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የእሷ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ የ19 ዓመት ልጇን ነበር የምታየው። ልጁ እጀታውን ይዞ «እማ፣ አንሸጠውም፤ እኔ እሠራበታለሁ» አለ።

እዚህ ላይ መካኒኩ ዝም አለ፤ እኔ ዝም አላልሁም። መጋዙ የሰንሰለት ፍሬን የለውም። የመጋዙ ምላስ ጫፍ ላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መላ መጋዙ በዓይን ጥቅሻ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይዘላል፤ ፍሬን ያለው መጋዝ ያኔ ሰንሰለቱን ያቆመዋል፣ ይኼኛው አያቆምም። የሚያንቀጠቅጠውን የሚቀንስ ጎማም የለውም። ልጁን በትልቅ ቃል ላስፈራራው አልፈለግሁም፤ የወንድሜን እጅ ነገርሁት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሁለት ሦስት ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭ ይሆኑ ነበር፤ ሸሚዙን መቆለፍ ያቅተው ነበር። ለዓመታት መንቀጥቀጥ የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ሲጎዳ የሚመጣ በሽታ ነው። መጀመሪያ መደንዘዝ፣ ቀጥሎ በብርድ መንጣት፤ ከቆየ አይመለስም። ጆሮውም እንዲሁ። የሞተር መጋዝ ድምፅ 110 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ መስማት ጆሮን ይጎዳል ተብሎ ነው የሚሰላው።

ዋጋውን ያወጣነው እንዲህ ነው። ፍሬን ያለው ተመሳሳይ ጉልበት ያለው መጋዝ በገበያ የሚሸጥበትን ጠየቅን። ከዚያ ላይ ምላስና ሰንሰለት ለመቀየር የሚያስፈልገውን ቀነስን። ፍሬን ስለሌለው ደግሞ ሌላ ቀነስን፤ ይህን ብዙ ሻጭ አይቀንስም፣ መቀነስ ግን አለበት። የቀረው ቆራሌው ካለው ብዙ እጥፍ ነበር። ገዢው መጋዙን በብረት ማዕቀፍ ላይ አስሮ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ነው፤ ፍሬን አለመኖሩን በግልጽ ነገርነው። እሷ በገንዘቡ ላይ ጨምራ ለልጇ ፍሬን ያለው ያገለገለ መጋዝ ገዛችለት። ልጁ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ነበር።

በነርስነቴ ያየሁት የመጋዝ ቁስል አብዛኛው ግራ ጭንና ጉልበት ላይ፣ ቀጥሎ ግራ እጅ ላይ ነው። መጋዝ እንደ ቢላ አይቆርጥም፤ ሥጋውን ይቀዳድዳል፣ ዘይትና የእንጨት ፍርፋሪም ውስጥ ያስገባል። በቤታችሁ መጋዝ ካለ እነዚህን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ። ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በኃይል መጫን ነው፤ ጨርቁ ቢረጥብ ላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል እንጂ አይነሳም። ቡና ወይም አፈር አይደረግበትም። የእጅ ወይም የእግር ደም ተጭነውት አልቆም ካለ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሰፊ ጨርቅ ማሠርና በዱላ ማጥበቅ፣ የታሠረበትን ሰዓት መጻፍ ነው፤ ገመድና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል። ጣት ከተቆረጠ ጣቱን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በፌስታል አስራችሁ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉት። ጣቱ ራሱ በረዶውን መንካት የለበትም፣ ውኃ ውስጥም አይገባም። ከታማሚው ጋር ወዲያው ወደ ዓይደር ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የቴታነስ መርፌ በዚያው ቀን ይጠየቅ።