ምንጩ ከታች፣ ከተማው ከላይ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፣ ጥቅጥቅ ካለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ምንጮቹ ግን ከከተማው በታች ናቸው። ውሃው እንደ ተፈጥሮው ቢተው ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል ወደ ሲቀላ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ እንዲወጣ ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአርባ ምንጭ አንድ ባልዲ ውሃ ከቧንቧ ሲቀዳ ከበስተጀርባው የሚገፋ ማሽን፣ ማሽኑን የሚጠብቅ ባለሙያና የሚከፈል የመብራት ሂሳብ አለ። ውሃ ሞልቶ በተረፈበት አገር ውሃ ማባከን እንዴት ውድ እንደሚሆን ይህች ከተማ ጥሩ ምስክር ናት።

የአገሪቱ የውሃ ትምህርት ዋና ማዕከል እዚሁ መተከሉም የሚያስገርም አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በኢትዮጵያ ግድብ፣ መስኖና የመጠጥ ውሃ ላይ ከሚሠሩት መሐንዲሶች ብዙዎቹ የዚህ ግቢ ልጆች ናቸው። የሚገርመው ግን ከዚህ ተቋም ጋር ተያይዘው ለከተማው ነዋሪ ቅርብ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ግድብ ሳይሆን መጸዳጃ ቤት መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ እስከ 2002 ዓ.ም. ሮዛ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቅ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተደገፈ ፕሮጀክት በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሲሠራ ነበር። እነርሱም አርባ ምንጭ፣ የኬንያዋ ናኩሩ፣ የታንዛኒያዋ አሩሻና የኡጋንዳዋ ኪትጉም ናቸው። የፕሮጀክቱ ሐሳብ አጭር ነው፤ ከሰው የሚወጣው ቆሻሻ አፈር የሚፈልገውን ምግብ ስለያዘ መጣል የለበትም የሚል ነው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ውሃ አገልግሎት በጋራ ገቡበት።

ከቀረቡት የመጸዳጃ ዓይነቶች አንደኛው ሽንትንና ዓይነ ምድርን ገና ከመቀመጫው ላይ ይለያል። ሽንቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጀሪካን ይሄዳል። ዓይነ ምድሩ ከመሬት በላይ ከተገነቡት ሁለት ክፍሎች ወደ አንዱ ይወድቃል። ተጠቃሚው ውሃ በማፍሰስ ፋንታ አመድ ይነሰንሳል፤ አመዱ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ ዝንብ ያርቃል። አንደኛው ክፍል ሲሞላ ተዘግቶ ሁለተኛው ይከፈታል፤ የተዘጋው በድርቀትና በጊዜ ብዛት ወደ አፈርነት ይለወጣል። ቁፋሮ ስለማይጠይቅ መሬቱ ድንጋያማ በሆነበትም፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበትም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ በስንት ድካም ሽቅብ የተገፋ ውሃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይፈስም።

ከዚህ የሚቀልም አለ። አርቦርሉ የሚባለው መጸዳጃ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ ነው። ሲሞላ በአፈር ተደፍኖ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ሙዝ ይተከልበታል፤ ቤቱ ተነቅሎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይዛወራል። ይህን ያስተዋወቁት በዚምባብዌ ለረጅም ዘመን የሠሩት ፒተር ሞርጋን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን ተቀብለዋል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ፍራፍሬ አብቃይ አካባቢ ለአንድ ቤተሰብ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጓሮው በየጊዜው አንድ የፍሬ ዛፍ ያገኛል።

ሥራው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰው በዓመት እስከ 500 ሊትር ሽንት ያወጣል፤ ሰው ከሚያስወግደው ናይትሮጅን አብዛኛው የሚገኘውም በዚሁ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር አምስት ሰው ያለበት ቤት በዓመት 125 ጀሪካን ይሞላል። ሰፊ ጓሮ ያለው ራሱ ይጠቀምበታል። የከተማ ተከራይ ግን የት ያደርገዋል? ማን ይሸከምለታል? ማን አቆይቶ፣ በውሃ በርዞ ለማሳ ያደርስለታል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የለም። ተደራጅቶ ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።

በአርባ ምንጭ እንዲህ ያለውን ሥራ የያዙት የነዋሪዎች ማኅበራት ነበሩ። «ውበት ለአርባ ምንጭ» የተባለው ማኅበር ደረቅ ቆሻሻ ይሰበስብ ነበር። «እኛን ነው ማየት» የተባለው ደግሞ ኮምፖስት ያመርት ነበር። አንዱ የሚሰበስበው ለሌላው ጥሬ ዕቃ ይሆን ነበር፤ የሁለቱም ሥራ ለከተማው ጽዳት፣ ለአባላቱ ደግሞ እንጀራ ነበር። የፕሮጀክቱን ታሪክ ከመጸዳጃ ቤቱ ንድፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል። ንድፉ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን ከሰፈር ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

ከሮዛ በኋላ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. የዘለቀው ክላራ የተባለው ሌላ የምርምር ፕሮጀክት በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ከተሞች የውሃና የሳኒቴሽን አማራጮችን የሚያነጻጽሩበት የኮምፒውተር የስሌት ሰነድ አዘጋጀ፤ በኢትዮጵያ የተሞከረውም በአርባ ምንጭ ነው። ስሌቱ የግንባታውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጥገናውን፣ የሠራተኛውንና የመለዋወጫውን ወጪ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይደምራል። በምረቃ ቀን ርካሽ የሚመስለው ነገር በአሥረኛው ዓመት ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማየት ለከተማ አስተዳደር ብቻ አይደለም፤ ምንጭ ለማጎልበት ገንዘብ ለሚያዋጣ የገጠር ቀበሌም ይጠቅማል።

የገጠሩ ጉዳይ ከተነሣ የእጅ ፓምፕን ማለፍ አይቻልም። በገጠር ውሃ አቅርቦት ላይ የሚሠራ አንድ ዓለም አቀፍ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች 36 በመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ይህ የመሣሪያ እጥረት አይደለም፤ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተተክሎ የቆመ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው አፍሪዴቭ ፓምፕ የተሠራው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። በአንድ መፍቻ ይፈታል፤ ቶሎ የሚያልቁት ጎሚኒዎቹና ፕላስቲኮቹ ዋጋቸው ቀላል ነው። ነገር ግን መፍቻውን የሚይዝ፣ በየወሩ ጥቂት ብር የሚሰበስብ፣ ጎሚኒ ሲያልቅ ገበያ የሚወርድ የውሃ ኮሚቴ ከሌለ በትንሽ ጎሚኒ ምክንያት መንደሩ በሙሉ ወደ ወንዝ ይመለሳል። ወደ ወንዝ የሚመለሱት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የአንድ ኮሚቴ መዳከም አንዲትን ተማሪ ከትምህርት ገበታዋ ያስቀራል።

አርባ ምንጭ በምትገኝበት በጋሞ ግን ይህ መዳከም የግድ አይደለም፤ ሕዝቡ በጋራ ጉዳይ ላይ ተቀምጦ የመነጋገርና የመወሰን የቆየ ሥርዓት አለው። ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ይመክራል፤ ነገር የሚታየው ሁሉም በሚሰማበት ነው፤ ስምምነት እስኪገኝ ይመላለሳሉ። የሥርዓቱ አቅም ምን ያህል እንደሆነ መላው ኢትዮጵያ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይቷል። በቡራዩና አካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከደረሰ በኋላ በአርባ ምንጭ ቁጣ የገፋው ወጣት አደባባይ ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። ያን ቀን ንብረትና ሕይወት የጠበቀው ሥልጣን የውሃ ኮሚቴን መዋጮና ደንብ ለማስከበር አያንስም።

አብሮ የመሥራቱ ልማድም በዓይን የሚታይ ነው። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ በእንሰት ኮባ የሚለበሰው፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስለው የዶርዜ ቤት ባለበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል፤ ለዚህም ብዙ ሰው በአንድ ላይ ተሰልፎ ይሸከመዋል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይጣልም። ጎረቤት የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራ እንኳ ሊያነሣው አይችልም።

ወደ ጨንቻ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ብቻውን ለሚሞክረው ሰው ፈጽሞ የማይሠራ ቴክኖሎጂ ይገኛል፤ የድንች ዘር ነው። ድንችን የሚያጠፋው ዋግ የተባለው በሽታ በነፋስና በዝናብ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን በረኃብ የመታውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት በሽታ ይኸው ነው። በዘመናችን በጨንቻ ከገበሬዎች ጋር በድንች ላይ ከሠሩት ድርጅቶች አንዱ ቪታ የተባለው የአየርላንድ ድርጅት መሆኑ ታሪክን ለሚያውቅ ሰው ልብ ይነካል።

የተደረገው ነገር ውስብስብ አይደለም። እንደ ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ ያሉ በአገራችን ምርምር የተለቀቁ፣ በሽታን እንዲቋቋሙ የተመረጡ ዝርያዎች አሉ። ዘሩን ለማቆየት ደግሞ ከእንጨትና ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ከጎን ብርሃንና አየር የሚገባበት መጋዘን አለ። ጨለማ ውስጥ የተከማቸ ድንች ረጅምና ነጭ ቡቃያ ያወጣል፤ ሲተከል ይሰበራል። ለስስ ብርሃን የተዘረጋ ድንች ግን አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ለምግብ ባይሆንም ለዘር ይመረጣል። ግን አንድ ገበሬ ንጹሕ ዘር ተክሎ ጎረቤቱ የታመመ ቢተክል ሁለቱም ማሳ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ዘር አባዢ ማኅበራት ተመሠረቱ፤ አባላቱ እርስ በርስ ማሳ ይጎበኛሉ፣ የታመመውን ይነቅላሉ፣ ንጹሑን ዘር ለሌላው ይሸጣሉ። መጋዘኑን አንድ አናጺ ሊሠራው ይችላል። ጎረቤትን «ማሳህ ታሟልና ንቀል» ብሎ ማሳመን ግን የማኅበር ሥራ ነው።

በቆላው፣ በላንቴና በጫኖ ቀበሌዎች፣ የሙዝ ገበሬው ጥያቄ ሌላ ነው። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይጠብቅም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ መካከል ዋጋውን የሚያውቀው ነጋዴና ደላላ ነው። ስልክ በዚህ ላይ ለውጥ አምጥቷል፤ ገበሬው ገበያውን ራሱ መጠየቅ ይችላል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ክፍያው በቀጥታ እንዲደርስ መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሸምን የዶርዜ ልጅም ለእናቱ ገንዘብ በሰው እጅ መላክ አይጠበቅበትም። ይሁንና ዋጋ ማወቅ ብቻውን ዋጋ አያስጨምርም። አሥር ግንድ ሙዝ ያለው ገበሬ ትክክለኛውን ዋጋ ቢያውቅም መኪና መሙላት አይችልም። የሚሞላው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው፤ ስልኩ የሚጠቅመው ያን ማኅበር ለያዘ ሰው ነው።

በስልኩ ጉዳይ አንድ ቅር የሚል ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች ነጻ የስልክ መረጃ አገልግሎት ሥራ የጀመረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። ለአገር ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በደጋው የምትኖር፣ ከጋሞኛ በቀር የማትሰማ እናት ስለ ገብሷ በሽታ የምትሰማው በልጇ አስተርጓሚነት ከሆነ አገልግሎቱ ገና ደጇ አልደረሰም። የሚያማክሩ መሣሪያዎች በየጊዜው ሲሠሩ የሕዝቡ ቋንቋ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት።

በጋሞ ዞን ወደፊትም ብዙ ነገር ይመጣል፤ የፀሐይ ፓምፕ፣ ዲጂታል መታወቂያ፣ ስለ አየር ሁኔታ የሚያስጠነቅቅ መልእክት። ይህን የሚያመጡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በጀቱን ከማጽደቃቸው በፊት ዱቡሻ ላይ ይቀመጡ። ማን እንደሚይዘው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ መዋጮው በየት እንደሚቀመጥ ከአገሬው ጋር ተነጋግረው በመተዳደሪያ ደንብ ያስፍሩት። እድሮችም ከሐዘን መዋጮው ጎን ለመንደሩ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ቢያስቀምጡ መልካም ነው፤ ይህ ማንንም ሳይጠብቁ ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው።