አረፋው ከየት ይመጣል?
ከሮብ ገበያ ማር እስከ ረፋድ ማዕድ ብርጭቆ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ሕዝቡ ረቡዕ ረቡዕ ከሚቆምላት ገበያ ነው። በጎጃም ደጋ ገበያ ላይ ከእህሉና ከከብቱ ጎን ማርና ጌሾ ይሸጣሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ጠጅ ይጣላል፤ ማሩ ብቻውን በውሃ ሲበረዝ ደግሞ ብርዝ ይሆናል። በሌላው ዓለም የበዓል ቀን ረፋድ ላይ የሚያብለጨልጭ ወይን ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ ማቅረብ የተለመደ ነው። የቬኒስ ከተማ ስመ ጥር መጠጥ የሆነው ቤሊኒ የኮክ ፍሬ ተፈጭቶ ከእንዲህ ዓይነቱ ወይን ጋር የሚቀላቀልበት ነው። ኮክም ሆነ የሚያብለጨልጭ መጠጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለመሆኑ አረፋውን የሚፈጥረው ምንድን ነው? በጠርሙስ ስናሽገውስ ለምን አደገኛ ይሆናል?

የእርሾ ሥራ

ከማር ክብደት 80 በመቶ የሚሆነው ስኳር ነው፤ አብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይባላል። ንጹሕ ማር ሳይበላሽ ለረጅም ዘመን የሚቆየው ውሃው እጅግ ጥቂት ስለሆነና ጥቃቅን ሕያዋን በዚያ መካከል መራባት ስለማይችሉ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ግን ይህ አጥር ይፈርሳል። በማሩ፣ በጌሾውና በዕቃው ላይ የነበሩ እርሾዎች ይነቃሉ፤ ስኳሩንም ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ሉዊ ፓስተር መብላላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያስረዳው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛም አገር የጠጅ እርሾዎችና ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ተጠንተዋል። ጠጅ የሚጣለው ከውጭ በተገዛ አንድ ዓይነት እርሾ ሳይሆን በተፈጥሮ በሚገኙት በመሆኑ የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት፣ አንዳንዴም ከራሱ ከትናንቱ ጠጅ፣ በጣዕምም በአልኮል መጠንም ይለያል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጋዝ ይሆናል ማለት ነው።

ደጋው ምን ይለውጣል?

ዊልያም ሄንሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ያ ጋዝ በፈሳሹ ላይ ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። እንግዲያውስ አፉ በጨርቅ በተሸፈነ ጋን ውስጥ የሚብላላ ብርዝ አነስተኛ ጋዝ ይይዛል ብለን ልንደመድም እንችላለን። ሆኖም ሌላም ነገር አለ፤ ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በተሻለ ሁኔታ ይሟሟል። በባሕር ዳርቻ ግፊት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውሃ 1.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በደጋው ግፊት፣ ውሃው በሌሊቱ ብርድ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ፣ የሚይዘው ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከፍታው የነጠቀውን ቅዝቃዜው ይመልሰዋል።

ያም ሆኖ ይህ መጠን ለስላሳ ማብለጭለጭ እንጂ የሻምፓኝን ያህል አረፋ አይሰጥም። ለዚያ መታሸግ ያስፈልጋል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የታሸገ ጠርሙስ አደጋ

የሻምፓኝ ሠሪዎች ለሁለተኛው መብላላት በእያንዳንዱ ሊትር ወይን ላይ 24 ግራም ያህል ስኳር ይጨምራሉ። ይህ ወደ 6 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል፤ ጠርሙሱም ወፍራም ሆኖ የሚሠራው ለዚሁ ነው። መጠኑ በትክክል ከመታወቁ በፊት በየጓዳው የሚፈነዳው ጠርሙስ ብዙ ስለነበር ሠራተኞቹ የብረት ጭንብል ያጠልቁ ነበር። መፍትሔውን በ1836 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዣን ባፕቲስት ፍራንሷ የተባለ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ በወይኑ የቀረውን ስኳር እየለኩ የጎደለውን ብቻ መጨመር የሚቻልበትን ዘዴ አሳየ።

አሁን ብርዛችንን እናስላ። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም 1.1 ኪሎ ግራም ያህሉ ስኳር ነው። በአራት ሊትር ውሃ ሲበረዝ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 220 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። ይህም ሻምፓኝ ሠሪው ከሚጨምረው ዘጠኝ እጥፍ ነው! ሁሉም ቢብላላ የሚወጣው ጋዝ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ከ70 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ከስኳሩ አሥራ አንደኛው እጅ፣ ማለትም 20 ግራም ብቻ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቢብላላ እንኳ ግፊቱ ወደ 5 አትሞስፌር ይጠጋል። ለአረቄ ወይም ለተራ ወይን የተሠራ ጠርሙስ ይህን አይችልም፤ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እናቶቻችን ጋኑን በጨርቅ ብቻ የሚሸፍኑት አቧራና ዝንብ እንዳይገባ፣ ጋዙ ግን እንዲወጣ ነው። ብርዝ ወይም ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ አጥብቆ መክደን ይህን ጥበብ መሻር ይሆናል። ማቀዝቀዣም እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

ለረፋድ ማዕድ

አረፋ ለማግኘት ጠርሙስ ማሸግ አያስፈልግም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ባለ የቢራ መጥመቂያ በርሜል አፍ ላይ ውሃ አንጠልጥሎ ጋዙ በውሃ ውስጥ እንደሚሟሟ አስተውሏል። በእኛ አገር ይህንኑ ሥራ ምድር ራሷ በአምቦ ምንጭ ትሠራዋለች። ስለዚህ፦

አንድ እጅ ማር ከስድስት እጅ ፈልቶ ከበረደ ውሃ ጋር ይበረዝ። የበሰለ ኮክ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ ይፈጭና ጥቂት ሎሚ ይጨመቅበት። በብርጭቆ ውስጥ አንድ እጅ ኮክ፣ አንድ እጅ ብርዝ ይደረግና በደንብ የቀዘቀዘ የአምቦ ውሃ ሁለት እጅ ይጨመርበት። ፍራፍሬው ከታች መቅደም አለበት፤ የአምቦው ውሃ ብርጭቆውን አዘንብሎ በጠርዙ በቀስታ ይንቆርቆር። ምክንያቱም የፍራፍሬው ጥቃቅን ክፍሎች የአረፋ መነሻ ናቸው፤ ውሃው በኃይል ከተጨመረ ጋዙ በአንድ ጊዜ ወጥቶ መጠጡ ይገነፍላል፣ ከዚያም ይሞታል።

ብርዙ በተበረዘበት ዕለት ቢጠጣ አልኮሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቀናት ባለፉ ቁጥር ግን ይጨምራልና ለልጆች የሚሰጠው የዕለቱ ብቻ ይሁን። ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃናት ግን ማር በማንኛውም መልኩ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ ሊራባ ይችላልና። ጠጅ በብርዙ ፈንታ መጠቀም ለአዋቂዎች የተተወ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው በዓል በርሌው ውስጥ ሽቅብ የሚወጡትን አረፋዎች ስታዩ፣ እያንዳንዳቸው የስኳር ግማሽ ክብደት የሸሸባቸው መንገዶች መሆናቸውን አስታውሱ። መንገዱን ክፍት አድርጉላቸው።