የጋለ ጎማ ውሃ ይጠጣል

ባለፈው ዓመት ከረጃፍ ወንዝ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በተሳቢ ጭነን ስንመለስ አንዱ ጎማ ይጮህ ነበር። «አቧራ ገብቶበት ይሆናል» ብለን ዝም አልነው። ብዙም ሳንርቅ ጎማው ከነሞዞው ወልቆ ቀድሞን ሄደና ከትምህርት ቤት በሚመለሱ ልጆች አጠገብ አልፎ ሣር ውስጥ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፤ እኛ ግን ያን ድምፅ አሁንም አልረሳነውም።

ከረጃፍ በስተደቡብ ወንዙ ድንጋያማ ነው፤ የበደንና የፉላ ፈጣን ውሃ ጀልባ አያሳልፍም። ስለዚህ ከኒሙሌ በኩል የሚመጣ ጀልባ በመኪና ይጎተታል። የጁባ–ኒሙሌ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ሆኗል። ይህን ሁሉ መንገድ የተሽከረከረ ሞዞ ይግላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጋለውን ሞዞ ወንዝ ውስጥ ስንነክረው በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የውጪው ግፊት ደግሞ ውሃውን በኦይል ሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሞቀ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ዘቅዝቀን የምናሳየው እኮ ነው! ውሃ የገባበት ግራሶ ወተት ይመስላል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ይዝጋል። እንግዲህ ወንዝ ዳር ስትደርሱ ሻይ ጠጡና ሞዞው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ግን በሻይ አይታለፍም፤ መፈታት አለበት።

ሌላውን ጎማ በድንጋይ ደግፋችሁ ይኼኛውን በክሪክ አንሱት። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲሽከረከር ከጮኸ ኮፒሊያውንና ዳዶውን ፍቱ። ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ እጠቡና በደንብ አድርቁት። የጠቆረ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ አትመልሱት። ደህና ከሆነ ግራሶውን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በሰፊው ጎን በኩል፣ በሌላው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ ጫኑበት። ላዩን መቀባት ዋጋ የለውም፤ እኛም ስናደርግ የነበረው እሱን ነው።

ኦይል ሲሉ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ግራሶው ይዞራል፤ ጠፍጣፋ እንጨት አስደግፋችሁ ዙሪያውን እኩል በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከራችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ላላ አድርጋችሁ በጣት ብቻ መልሱት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይነዳል። አሮጌውን ኮፒሊያ አቃንተን እንጠቀም የሚል ካለ እሺ አትበሉት።