ስለ መኪና ጥገና ትምህርት

መኪና የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የሰው እጅ የሠራውም ነገር ሁሉ ያረጃል፥ ይላላል፥ ይሰበራልም። ስለዚህ መኪና የሚነዳ ሰው እንደሚያስፈልግ፥ የሚጠግን ዐዋቂም ያስፈልጋል። ይህን ሙያ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኢትዮጵያ አሉ። ከነዚህ አንዱ የአዲስ አበባ ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬም ኮሌጅ ሆኖ የእጅ ሙያን ያስተምራል።

የመኪና ጥገና የሚማር ሰው አስቀድሞ የዕቃውን ስምና ጥቅም ያውቃል። ብሎን በቁልፍ ይፈታል፤ መኪና በክሪክ ይነሣል። ነገር ግን ክሪክ ሊንሸራተት ይችላልና፥ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና በታች መግባት ሞትን መጥራት ነው። ስለዚህ ተማሪው በጎማው ሥር ታኮ አድርጎ፥ ጽኑ መደገፊያም አቁሞ ይገባል። ጎማ ሲያስር ደግሞ ብሎኖቹን በተራ አያጠብቅም፤ አንዱን አጥብቆ በፊት ለፊቱ ያለውን ያጠብቃል። እንዲህ ካላደረገ ጎማው ተጣሞ ይቀመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የፍሬን ትምህርት ጥንቃቄ ይሻል። በትንንሽ መኪና ነጂው ፍሬን በረገጠ ጊዜ፥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ ወደ ጎማው ይደርሳል፤ በዚያም ሸራውን ከሚዞረው ብረት ጋራ አጣብቆ መኪናውን ያቆማል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በቧንቧው ውስጥ አየር የገባ እንደ ሆነ፥ የእግር ኃይል አየሩን በመጭመቅ ይባክናል፤ ፍሬኑም ይደክማል። ደግሞ ይህ ዘይት ሲቈይ ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት ያለው ዘይት በጋለ ጊዜ ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ይጨመቃልና ፍሬኑ አልይዝ ይላል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርደው መንገድ ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለው። ነጂው በከባድ ማርሽ ካልወረደና ፍሬን ሳያቋርጥ ከረገጠ፥ ፍሬኑ እጅግ ይግላል። በመኪናው ውስጥ እናት ከነልጇ፥ ነጋዴም ከነዕቃው ተቀምጠዋል። የፍሬኑ ዘይት አዲስ ይሁን አሮጌ አያውቁም፤ የጠገነውንም ሰው አላዩትም። ሕይወታቸው ግን በርሱ እጅ ሥራ ታምናለች።

ሰነፍ ጠጋኝ የፍሬን ዘይት ጐድሎ ባየ ጊዜ ጨምሮበት ይሄዳል። ዐዋቂው ግን፥ ስለ ምን ጐደለ? ብሎ ይመረምራል። ቧንቧው ያፈስስ እንደ ሆነ፥ ሸራውም ያለቀ እንደ ሆነ ያያል። የተበላሸውን ለውጦ፥ አየሩን አስወጥቶ፥ መኪናውን ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ነድቶ ይፈትነዋል።

ልጆች ሆይ፥ ሰው የማያየውን ሥራ አጥብቆ የሚሠራ እርሱ የታመነ ሠራተኛ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው የሰው ደም እንደ ሆነ ግን ተመልሶ አይለቀምም።