ወደ አሳደገ ተማሪ ቤት መመለስ፤ የካርቱም ምሳሌነት

ጥቁር ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተነሣበት አይመለስም። የሰው ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከአደገበት ቤትና ከተማረበት ተማሪ ቤት ምን ያህል ቢርቅ፥ አንድ ቀን ተመልሶ የቀድሞ ወንበሩን ማየትና አብሮ አደጎቹን ማግኘት ይናፍቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ አገር ይህ ናፍቆት የታወቀ በዓል ሆኗል። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1911 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪዎቹን ለኳስ ግጥሚያ «ወደ ቤታችሁ ኑ» ብሎ እንደ ጠራ ይነገራል። ልማዱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ተስፋፍቶ፥ በመፀው ወራት ሰልፍና ጭፈራ ይደረግበታል፤ ከተማሪዎቹም መኻከል የበዓሉ ንግሥት ትመረጣለች። በጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን በአምቡላንስ ያመላልስ የነበረው የአሜሪካ የመስክ አገልግሎት ድርጅት ደግሞ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአገር ወደ አገር ማለዋወጥ ጀመረ። ስለዚህ ከውጭ አገር የሄደው ልጅ በዚያ በዓል መኻከል ቆሞ ሌሎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይመለከታል፤ የርሱ ቤት ግን ከባሕር ማዶ ነው። የተቀበለው ቤተ ሰብ «ልጃችን» ብሎ አብሮ ካሰለፈው፥ ያንን ቀን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም።

በካርቱም ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ዓ.ም. ሲከፈት፥ የእንግሊዝ ሹማምንት ከርሱ የፈለጉት ጸሓፊዎችን፥ መምህራንንና የእጅ ሙያ ዐዋቂዎችን ነበር። ከዚያ የወጡት ወጣቶች በየአውራጃው ለሥራ ተበተኑ። ነገር ግን መበተናቸው አላለያያቸውም፤ በ1918 ዓ.ም. በኦምዱርማን የተመራቂዎች ክበብ አቋቋሙ። ወደዚያ ክበብ መምጣት ለነርሱ እንደ ቤት መመለስ ነበር። በዚያም ሰልፍና ንግሥት አልነበረም፤ የአገር ጉዳይ ግን ይመከርበት ነበር።

ከዚህ ክበብ መንፈስ በ1938 ዓ.ም. የተመራቂዎች ጠቅላላ ጉባኤ ተወለደ። የመጀመሪያው ዋና ጸሓፊ እስማኤል አል አዝሐሪ ነበሩ። እኒህ ሰው ራሳቸው የውጭ አገር ተማሪነትን ቀምሰዋል፤ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የሒሳብ መምህር ሆነው ሠርተዋል። ጉባኤው በ1942 ዓ.ም. ሱዳናውያን ራሳቸውን በራሳቸው እንዲወስኑ የሚጠይቅ ማመልከቻ አቀረበ፤ መንግሥቱም አልተቀበለውም። ይሁን እንጂ ከ14 ዓመት በኋላ፥ ጥር 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የነጻነት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያው የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጸሓፊዎችን፥ መምህራንንና የእጅ ሙያ ዐዋቂዎችን ለማፍራት የተከፈተ ተማሪ ቤት የአገር መሪ አፈራ ማለት ነው። ግን እውነቱን ሁሉ ለመናገር፥ አብሮ አደግ መሆን ብቻውን አንድነትን አይጠብቅም፤ ያው ጉባኤ ከግብጽ ጋር መተባበርን በሚሹና ነጻነትን ብቻ በሚሹ ወገኖች ተከፍሏል።

ካርቱም የራሷን ልጆች ብቻ አላስተማረችም። በ1929 ዓ.ም. የተመሠረተው የኮምቦኒ ኮሌጅ የልዩ ልዩ አገርና ሃይማኖት ልጆችን በአንድ ግቢ ሰብስቧል። በ1940 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ በስደት ካርቱም በደረሱ ጊዜም፥ በከተማይቱ አጠገብ በሶባ የኢትዮጵያ ወጣቶች የጦር ትምህርት ተምረዋል። ለእነዚያ ወጣቶች ወደ አገር መመለስ በዓል አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1941 ዓ.ም. ወሰኑን ሲሻገሩ በጦርነት መኻከል የሚፈጸም ጒዞ ነበር። ይሁን እንጂ የተማሩበት መሬት የሱዳን መሬት መሆኑ የማይረሳ ውለታ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ እንግዳን ያስተናግዱ የነበሩት ተማሪዎችና መምህራን ራሳቸው እንግዶች ሆኑ። ከነርሱም ብዙዎቹ ወደ ግብጽ፥ ወደ ቻድና ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የዘገየው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ፈተና የተሰጠው በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከተፈታኞቹም ብዙዎች በውጭ አገር ተቀምጠው ተፈተኑ። በመጋቢት 2025 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ፥ ወደ ፈረሱት ሰፈሮች የሚመለሱ ሰዎች ታይተዋል።

እንግዲህ የመመለስ በዓል ትርጒሙ እዚህ ላይ ይፈተናል። ግቢው ፈርሶ፥ መዝገቡ ጠፍቶ፥ ጓደኛው ተበትኖ የቀረ ተማሪ ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው፥ ምስክር ወረቀቱ የጠፋበት ስደተኛ ተማሪ በፊቱ ሲቆም፥ ወረቀት የለህም ብሎ ከመመለስ ይልቅ ዕውቀቱን ፈትኖ ቦታ ይስጠው። ነጋዴውም የአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ከአንድ ጭነት ትርፍ እንደማይበልጥ ያስብ፤ ልጁ ነገ በወዲያኛው ገበያ ቋንቋውንና ሕጉን የሚያውቅ ወዳጅ ይሆነዋል። በካርቱም የተማረ ማንም ሰው ደግሞ የድሮ ፎቶግራፍ፥ መጽሐፍ ወይም የተማሪ ቤት መዝገብ በእጁ ካለ በጥንቃቄ ያኑረው፤ የጠፋው ታሪክ የሚሰበሰበው ከእንዲህ ያለው ቍራጭ ነው።

ተማሪ ቤት ግንብ ብቻ አይደለም። ግንቡ ቢፈርስ እንኳ አብሮ አደጎቹ እስካሉ ድረስ የሚመለሱበት ቤት አላቸው፤ ያንን ቤት ማቆየትም ትናንት ያስተናገዱት እንግዶች ሁሉ ዕዳ ነው።