ቬስፓ በድሬ ጠያራ፦ የሳሳ አየርና የአሮጌ ሞተር ነገር

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ፣ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከተሽከርካሪ ሳይሆን በግራና በቀኝ ተቀምጠው ልብስ ከሚሰፉ ባለሙያዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። በዚያው በሐረሪ ክልል ድሬ ጠያራ የሚባል ወረዳ አለ፤ የስሙ ትርጉም «የአውሮፕላን ሜዳ» ማለት ነው። ስለ አሮጌ የኢጣሊያ ሞተር ብስክሌት ልናወራ ተነሥተን ከስፌት መኪናና ከአውሮፕላን መጀመራችን አንባቢን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሁለቱም ግን የነገራችን አካል ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች፣ ለዓመታት በየግቢው ጥግ ተጥለው የዶሮ ማደሪያ ሆነው የኖሩ ሁለት አሮጌ ቬስፓዎችን አግኝተን ነፍስ ልንዘራባቸው ተነሣን። ከተጠገኑም በኋላ በድሬ ጠያራ በአንድ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅደን፣ እርስ በርስ ልናወዳድራቸው ወሰንን። ሁለት ሁለት ሆነን ተከፋፈልን። በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ ያጠናናቸው ቀመሮች እውነተኛ መልካቸውን ያሳዩን በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ለመሆኑ ቬስፓን ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው? ፒያጅዮ የተባለው ኩባንያ በቱስካኒ አውራጃ በፖንቴዴራ ከተማ የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ፈረሰ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም የአውሮፕላኑ ሥራ ቆመ። (ሐረርም የኢጣሊያን አውሮፕላን የምታውቀው ቬስፓ ከመፈልሰፉ አሥር ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 በቦምብ ስትደበደብ ነው።) ኩባንያው ለተቸገረው ሕዝብ ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት ሲያስብ ኃላፊነቱን ለኮራዲኖ ዳስካንዮ ሰጠ። ዳስካንዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ግን አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስ ለመቀየር ያስቸግራል፣ ካቴናው ዘይት ይረጫል ይል ነበር። ስለዚህ ካቴናውን አስወግዶ ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጎን ሰቀለው። የፊቱን ጎማ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው። በዚህም ጎማው እንደ መኪና ጎማ በቀላሉ የሚፈታ ሆነ። የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ተመዘገበ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለ ሦስት እግሩ «አፔ» መጣ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ስኩተርና ባለ ሦስት እግር መሥራት የጀመረው ከዚሁ ከፒያጅዮ ፈቃድ አግኝቶ ነው። እንግዲህ በሐረር አስፋልት ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅ፣ የዘር ሐረጉ ሲመዘዝ፣ የአንድ አውሮፕላን ሠሪ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ዝምድና በቬስፓ ብቻ አይወሰንም። ሞቶ ጉትሲ የተባለው ታላቅ ኩባንያ የተፀነሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ውስጥ በተገናኙ ሦስት ጓደኛሞች ነው። ካርሎ ጉትሲ መካኒክ፣ ጆርጅዮ ፓሮዲና ጆቫኒ ራቬሊ ደግሞ አብራሪዎች ነበሩ። ራቬሊ እ.ኤ.አ. በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሁለቱ ጓደኞቹ በ1921 ኩባንያውን ሲመሠርቱ ክንፉን የዘረጋ ንስር ምልክታቸው ያደረጉት ለእርሱ መታሰቢያ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1950 ሞተር ብስክሌት ከነነጂው የሚፈተንበት የነፋስ ዋሻ በማንዴሎ ሠራ። ከ1953 እስከ 1957 ባሉት አምስት ዓመታትም በ350 ሲሲ ምድብ የዓለምን ሻምፒዮና በተከታታይ ወሰደ። ተፎካካሪዎቹ የበለጠ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች ነበሯቸው። የጉትሲው መሐንዲስ ጁልዮ ቼዛሬ ካርካኖ ግን ክብደት በመቀነስና አየርን በመሰንጠቅ በለጣቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አየርን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ያድጋል። ፍጥነትን በእጥፍ ለመጨመር ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የፊት ጎማውን ጭምር የሚሸፍኑት የዚያን ጊዜ ልባሶች ግን ከጎን ነፋስ ሲመታቸው እንደ ሸራ ሆነው ነጂውን ከመንገድ ያወጡት ነበር። ስለዚህ ከ1958 ጀምሮ ከውድድር ታገዱ።

ወደ ራሳችን ቬስፓዎች እንመለስ። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 57 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑም ምት 57 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም 145 ሲሲ ገደማ ይሆናል። ስንፈታቸው የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ እንደገና አስደነቀን። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘን ካንዴላውን አወጣን፤ ማርሚታውን አጸዳን፤ ኩሽኔታውን፣ ሞላውንና ፍሪሲዮኑን መረመርን። እነዚህ ሁሉ የኢጣሊያ ቃላት ናቸው። ካንዴላ በዚያ አገር ሻማም ማለት ነው፤ ማርሚታም ድስት ነው። አስተማሪያችን የሆኑት አንድ አዛውንት መካኒክ ቃላቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል፤ የባዕድ ቃል መሆናቸውን ስንነግራቸው ግን «ታዲያ በአማርኛ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?» ብለው ሳቁብን። መልስ አልነበረንም።

የመጀመሪያው ውድድር ለእኛ ወገን ውርደት ሆነ። ሞተራችን ይነሣል፤ ነገር ግን ቤንዚን ሲሰጡት እንደ ታፈነ ሰው ይንተባተባል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ካንዴላውን ፈትተን ስናየው ጥላሸት ለብሷል። ደህና የሚነድ ሞተር ካንዴላ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ሊመስል ይገባዋል። የኛው ግን ከማሰሮ ሥር የተፋቀ ይመስል ነበር። ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እፍግታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ይዘት አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ግን በአንድ አምስተኛ ጎድሏል። ካርቡራቶር ደግሞ ይህን አያውቅም። ነዳጅን የሚስበው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ግፊት መቀነስ ነው። ቀመሩን ብንሠራው፣ አየሩ በ20 ከመቶ ሲሳሳ ነዳጁ የሚቀንሰው በእፍግታው ካሬ ዘር ልክ፣ ማለትም በ11 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር 12 ከመቶ ያህል ይበዛል። ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመንደድ ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ያ ሚዛን ተዛባ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ነዳጅ የሚያልፍባትን ትንሿን የናስ ቡሎን መቀየር ነው። በላይዋ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል። የእኛዋ 102 ነበረች፤ ስሌታችን 96 ይላል። የሚሸጥ ስላላገኘን አንድ ብር ሠሪ ወዳጃችን ቀዳዳዋን በስታኞ ደፍኖ በቀጭን መሰርሰሪያ እንደገና በሳልን። በሁለተኛው ውድድር አሸነፍን። ተሸናፊዎቹ ጓደኞቻችንም በሳምንቱ የራሳቸውን ቡሎን ይዘው ወደዚያው ብር ሠሪ ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅነው ነገር እንጨምር። የሳሳ አየር የሞተሩን ጉልበት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል ብለናል። ነገር ግን ተቃውሞውንም በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል! በሜዳ ላይ ትልቁን ፍጥነት የሚወስነው የሁለቱ ሚዛን ስለሆነ፣ የሐረርና የባሕር ዳርቻ ትልቁ ፍጥነት ብዙም አይራራቅም። ትንሽ ልዩነት የሚያመጡት የጎማና የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ናቸው፤ እነርሱ ከፍታን አያውቁምና። ዳገት ላይ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። የመሬት ስበት ለከፍታ ብሎ አይለሳለስም፤ ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ ይሰማል። ጀማሪ መካኒክ «ሜዳ ላይ ደህና ነበር፣ ዳገት ላይ ግን አበደ» ሲል ሁልጊዜ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም።

ድል ግን አዘናጋን። በውድድሩ ማግሥት ከመካከላችን አንዱ ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ ተነሣ። ከደንገጎ በታች ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ አንባቢ ቀጥሎ የሆነውን ይገምት ይሆናል። ጓደኛችን ፍሬኑን ላለማሞቅ ብሎ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እንዲይዘው እያደረገ ወረደ። በመኪና ይህ ትክክለኛ አነዳድ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ለብቻው የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከመቶ 2 እስከ 5 ተቀላቅሎ ይገባል። ቤንዚን ሲዘጋ ዘይትም አብሮ ይዘጋል! ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ደረቀ። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሲሊንደር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም በ150 ዲግሪ ቢሞቁ 57 ሚሊሜትሩ ፒስተን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ሲሊንደሩ ግን 0.1 ያህል ብቻ። ፒስተኑ ይበልጥ ሲሞቅ ደግሞ ክፍተቱ ያልቃል። ፒስተኑ ነከሰ፤ የኋላው ጎማ ባለበት ተቆለፈ።

በግራ በኩል ገደል ነበር። ጓደኛችን የተረፈው ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ወዲያው ስለጨበጠ ነው። ጎማው ተለቀቀ፤ ቬስፓዋም እየተንገዳገደች በመንገዱ ጠርዝ ቆመች። እንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ቁልቁለት ሲወርዱ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዞ ቤንዚን መስጠት እንደሚገባ አዛውንቱ መካኒክ ሲነግሩን «ይህን ማን አያውቅም ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ» አሉን። ስለ ካርቡራቶር ካሬ ዘር ስናሰላ አንድ ሳምንት አጥፍተናል፤ ስለ ዘይት ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ሲሊንደሩን ስንከፍት በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑ በጥፍር የተቧጨረ መስሎ ተገኘ፤ ሁለቱም ፋሻዎች ተጣብቀዋል። ሲሊንደሩ በቶርኖ ሰፍቶ ተመልሷል፤ ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተንም ከአዲስ አበባ መጥቷል። ጓደኛችን እንደገና ሊነዳ ይፈልጋል፤ እናቱ ግን ገና አልተስማሙም። ሦስተኛው ውድድር እስከዚያ ድረስ ተራዝሟል፤ የቬስፓዋ ወንበርም ገና መኪና ግርግር እየተሰፋ ነው።